ሰው ያልሞተበት ድንኳን

ይህ የምነግራችሁ ነገር ከጠዋት እስከ ማታ ባለች አንዲት ቀን ውስጥ የሆነ ነው። ዛሬ ሰው "እንዴት አስተማሪ ሆነሽ ቀረሽ?" ብሎ ሲጠይቀኝ ሌላ መልስ የለኝም፤ ያችን ቀን ነው የማወራው።

ስሜ ሐያት ነው። የተወለድኩት ጎንደር፣ አዲስ ዓለም ነው። አያቴም አባቴም ጣቃ ሲተረትሩ የኖሩ የጨርቅ ነጋዴዎች ናቸው። ከቤተሰባችን ሱቅ ትታ ወደ ትምህርት የሄደችው የመጀመሪያዋ እኔ ነኝ። በዚያን ጊዜ እዚያው ከተማችን፣ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የከተማ አስተዳደር የማስተምር ረዳት መምህር ነበርኩ። "የማስተምር" ስል ግን ነገሩን ማሳመሬ ነው። ድምፄ አነስተኛ ነው፤ ሰው ፊት ስቆም ጉልበቴ ይከዳኛል። ክፍል እገባለሁ፣ ፊቴን ወደ ስክሪኑ አዞራለሁ፣ የተጻፈውን አነባለሁ፣ እወጣለሁ። ከኋላ የሚቀመጡት ተማሪዎች ይተኛሉ። ከፊት ያሉት ደግሞ ጨዋ ስለሆኑ አፋቸውን ይዘው ያዛጋሉ።

የማስተርስ ጽሑፌን የሠራሁት ከመቶ ዓመት በፊት በአሜሪካ፣ በአንዲት የሐይቅ ዳር ከተማ ከንቲባ ስለነበረ ሰው ነው። በልጅነቱ በፈረስ ጋሪ በረዶ እያዞረ ይሸጥ የነበረ፣ ኋላ ሀብታም የሆነ፣ ከዚያም ከተማውን የመራ ሰው ነው። ስለ እሱ ሳነብ ብዙ ጊዜ ስላሳለፍኩ ቤታችን ውስጥ እንደ ሩቅ ዘመድ ይታወቃል። አባቴ ማታ ማታ "ያ ከንቲባሽ ዛሬ እንዴት ዋለ?" ይለኝ ነበር።

ያን ሰሞን ግን ተስፋ ቆረጥኩ። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ በቀጥታ ሱቅ ገባሁና "አባ፣ ከእንግዲህ እዚህ ላግዝህ" አልኩት። ደስ አለው። ደስታውን እንዳላይበት መነጽሩን አውልቆ በጨርቅ ይጠርግ ጀመር። የቀረችኝ አንዲት ሥራ ነበረች። ከመካነ ብርሃን ወዲያ ባለች አንዲት ትንሽ የደጋ ከተማ ለምክር ቤት አባላት ሥልጠና እንድሰጥ ተመድቤያለሁ። የከተማዋን ስም አልጠራም፤ ሰዎቿን ሳላስፈቅድ ነው የማወራው። "ይህችን ጨርሼ እለቃለሁ" አልኩና ተነሣሁ።

የወሰደኝ ብርሃኑ የሚባል የውሃ መሐንዲስ ነው። የምንሄድበትን ፒክአፕ ተከትሎ ቱቦ የጫነ አይሱዙ ይመጣል። ዳገቱን ስንወጣ ጉዳዩን አጫወተኝ። ከተማዋ ከላይ ከተራራው ሥር የምትፈልቅ ሸጋ ምንጭ አላት። ምንጯ ተጠርጋ፣ ውሃው በቱቦ ወርዶ አንድ ቦኖ ሊቆም ነው። ግን ላይ ሰፈርና ታች ሰፈር ቦኖው የት ይቁም በሚለው አልተስማሙም።

"አሁን የምመጣው ለሦስተኛ ጊዜ ነው" አለኝ። "ነገ እስከ ከሰዓት ካልተስማሙ ቱቦውን ለሌላ ከተማ አድርስ ተብያለሁ። እነዚያ ደግሞ ቦታ አዘጋጅተው፣ ጉድጓድ ቆፍረው ነው የሚጠብቁኝ።"

"አንተ ምን ታስባለህ?"

"እኔማ ደክሞኛል" አለ።

በማግስቱ ጠዋት አዳራሽ ገባሁ። ቆርቆሮ ጣሪያ ያለው፣ ብርድ የሚያንዘፈዝፍበት ጠባብ ቤት ነው። መብራት ስላልነበረ ያዘጋጀሁት ስላይድ ኮምፒውተሬ ውስጥ ቀረ። የምክር ቤቱ አባላት ላይ ሰፈሮች በቀኝ፣ ታች ሰፈሮች በግራ ተቀምጠው መሃሉን ባዶ ትተውታል። ከንቲባው አስናቀው ይባላል፤ ሒሳብ ያስተምር የነበረ፣ ከተሾመ ገና ወራት የሆነው ወጣት ነው። ከፊት ብቻውን ተቀምጧል።

ወረቀቴን አውጥቼ ማንበብ ጀመርኩ። ስለ አሜሪካዊው ከንቲባ የሚለው ክፍል ላይ ስደርስ ውጭ ጫጫታ ተነሣ። ዘበኛው በር ላይ ሰው እየመለሰ ነው። ከሁሉ በላይ የሚሰማው የአንድ ሽማግሌ ድምፅ ነበር።

"ስለ እኛ ውሃ ነው እኮ የምታወሩ! እኛ ሰው አይደለንም ወይ?"

"አያ ደምሴ ናቸው፣ የታች ሰፈሩ" አለ ከንቲባው እንደ ለመደው ሰው። "ስብሰባ በጠራን ቁጥር እዚያ ቆመው ይውላሉ።" ከዚያ ወደ እኔ ዞረና ድንገት ጠየቀኝ። "መምህርት፣ ያ የምታነቢልን ሰውዬ እንዲህ ሲገጥመው ምን ያደርግ ነበር?"

ወረቀቱን አላየሁም። መልሱን በቃሌ አውቀዋለሁ።

"ድንኳን ይተክል ነበር" አልኩ።

"ምን?"

"የሰርከስ ድንኳን ተከራይቶ ሜዳ ላይ ይተክላል። አዳራሽ ዘበኛ አለው፤ ድንኳን ውስጥ ግን ያለፈ ያገደመው ሁሉ ይገባል። መጀመሪያ የሚናገረውም እሱ አይደለም። ከሁሉ አብዝቶ የሚቃወመው ሰው ነው።"

 ከንቲባው ተነሥቶ "ድንኳንስ እኛም አለን" አለ።

በከተማዋ ያለው ድንኳን የእድሩ ድንኳን ብቻ ነው። የእድሩ ዳኛ አያ መኩሪያው ከላይ ሰፈሮች ጋር እዚያው ተቀምጠው ነበር። የተባለውን ሲሰሙ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አደረጉ።

"ምነው ልጄ፣ ሟርት ነው የምትጠራ? ያ ድንኳን ከተሰፋ ጀምሮ ያለ ሬሳ ቆሞ አያውቅም።"

"አያ መኩሪያው፣ ዛሬ ቱቦው ተጭኖ ከሄደ እኮ እሱም ሐዘን ነው" አለ አስናቀው።

አያ መኩሪያው ብዙ አሰቡ። በመጨረሻ ተነሡና በጣታቸው ወደ እኔ አመለከቱ። "እሽ፣ ይተከል። ግን ማን ሞተ ብሎ የሚመጣውን ሁሉ የምትመልሰው ይች ናት። ነገሩን ያመጣችው እሷ ናት።"

ገበያው ሜዳ ላይ ድንኳኑ ተተከለ። ቀኑ የገበያ ቀን ስላልነበረ ሜዳው ባዶ ነው፤ ድንኳኑ ከየሸንተረሩ ይታያል። የመከር ጊዜ ስለሆነ ሰዉ ያለው ዓውድማ ላይ ነበር። መጀመሪያ ከላይ በኩል አንዲት ሴት እያለቀሰች ስትወርድ አየሁ። ከኋላዋ ሌሎች። ከታች በኩል ደግሞ ገብሱን ትተው፣ መንሻቸውን እንደያዙ የሚሮጡ ወንዶች። "ማን ነው? ማን ነው የሞተው?" የሚል ድምፅ ከየአቅጣጫው ይመጣል።

ሁለት እህትማማቾች ደረታቸውን እየመቱ መጡና ከንቲባውን ሲያዩ ባሉበት ቆሙ።

"አንተ ነህ አሉን እኮ!" አለች አንደኛዋ።

"እኔ?" አለ አስናቀው።

"አንተ ነህ ያሉን። አሁን ከቦታው ተነሥተን እስክንደርስ ስንት ነገር እያልን ስናለቅስልህ!"

አንገቱ ላይ ተጠምጥማ ሳመችው። ሌላዋ ለለቅሶተኛው ብላ እዝን በመሶብ ይዛ ነበር፤ የት እንደምታስቀምጠው ግራ ገባት። ሰው መሳቅ ጀመረ። የመጣው ሁሉ ግን አልተመለሰም። ከሩቅ ሮጦ ደክሞታል፤ ድንኳኑ ውስጥ ጥላ አለ፣ አግዳሚ አለ፤ ተቀመጠ። ላይ ሰፈርና ታች ሰፈር ብሎ የሚለይ አልነበረም፤ ለቅሶ ቤት ሰው ባገኘው ቦታ ነው የሚቀመጠው። በአዳራሹ መሃል ክፍት ሆኖ የነበረውን ቦታ እዚህ ማንም አልተወውም።

በመጨረሻ የመጡት እማማ እናኑ ናቸው። ቤታቸው ከገበያው ጥግ፣ ከዳገቱ ግርጌ ነው፤ በዱላ እየተደገፉ ስለሚሄዱ ቅርብም ሆነው ዘገዩ። ፊታቸው በእንባ ርሷል። ማንም አለመሞቱን ሲነግሯቸው ተቆጡ።

"ማን ነው ያስለቀሰኝ? ያን ሰው አምጡልኝ። እኔ እንባዬን ከሜዳ አላመጣሁትም።"

ሁሉም ዞሮ እኔን አየ። አያ መኩሪያው "በይ እንግዲህ" አሉ።

ተነሣሁ።  ወረቀቴ አዳራሽ ቀርቷል፤ ፊቴን የማዞርበት ስክሪን የለም። ፊት ለፊቴ ያሉት እማማ እናኑ ብቻ ናቸው፤ አይናቸውን ከእኔ ላይ አልነቀሉም።

"እማማ" አልኩ፤ "የሞተ ሰውስ አለ።"

ሰዉ አንገቱን አሰገገ።

"ከሞተ ግን መቶ ዓመት አልፎታል። አገሩም አሜሪካ ነው።"

ሳቁ ድንኳኑን አነቃነቀው። እማማ እናኑ ግን አልሳቁም። "ክርስቲያን ነው እስላም?" አሉኝ።

"ክርስቲያን ነው።"

"ነፍሱን ይማር። በይ ተቀመጭና ንገሪን፤ ያለቀስንለትን ሰው እንወቀው።"

አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ንግግር እያደረግሁ መሆኔን ረሳሁት መሰለኝ። ለእሳቸው ነበር የምነግራቸው።

አባቱ ከባሕር ማዶ የመጣ ጫማ ሰፊ እንደነበር፣ ልጁ በረዶ በጋሪ እያዞረ እየሸጠ እንዳደገ ነገርኳቸው። "በረዶ ይሸጣል?" አለ አንዱ ከኋላ። "ማን ይገዛዋል? እኛ አገር በነጻ አምርሮብናል።" እንደገና ተሳቀ። በረዶ ሻጭ ስለነበር የሀብታሙንም የድሃውንም ጓዳ ገብቶ ያውቃል፣ የትኛው ቤት ንጹሕ ውሃ እንዳለው፣ የትኛው እንደሌለው ያውቃል አልኳቸው። ኋላ ከብሮ፣ ከንቲባ ሆኖ ሲመረጥ መጀመሪያ ቱቦ የዘረጋው ከሁሉ ወደ ተረሳው ሰፈር ነው። የራሱ ሰፈር ሰዎች ተቆጡ። እሱ ደግሞ ያ ሰፈር ውሃ እስኪያገኝ ድረስ በየጠዋቱ ባልዲ ይዞ፣ ከእነሱ ጉድጓድ ቀድቶ፣ እቤቱ ያንኑ ይጠጣ ነበር።

"ከንቲባው ራሱ?" አሉ ከአዳራሹ በር መጥተው ከፊት የተቀመጡት አያ ደምሴ።

"ራሱ።"

ሰው ሁሉ አስናቀውን አየው። አስናቀው መሬት መሬት አየ።

"በመጨረሻስ?" አሉ አያ ደምሴ።

"በመጨረሻ በምርጫ ተሸነፈ። ብዙ የረዳቸውም ሰዎች አልመረጡትም። ብዙም ሳይቆይ ታመመና ሞተ። አስከሬኑ በዚያ ሰፈር ሲያልፍ ግን ሰዉ ሁሉ በየደጁ ባልዲውን ውሃ ሞልቶ አስቀምጦ ቆሞ ነበር።"

አንዲት ሴት ከንፈሯን መጠጠች። እማማ እናኑ እጄን ያዙኝ። "ልጆች ነበሩት?"

"አልነበሩትም እማማ።"

"እንግዲያ ለቅሶውን ማን ሞላው?"

"ከተማው።"

እጄን ይበልጥ ጠበቅ አደረጉት።

ያኔ አስናቀው ተነሣ። "እንግዲህ በሰውየው ሥርዓት እንሂድ" አለ። "እኔ ኋላ እናገራለሁ። ከሁሉ አብዝቶ የሚቃወመኝ ሰው ይጀምር።"

ማንም አልተጠየቀም፤ ሰዉ ሁሉ ወደ አያ ደምሴ ዞረ። አያ ደምሴ ይህን አልጠበቁም ነበር። ዘወትር ከውጭ ሆነው የሚጮሁት ሰው አሁን ሁሉም ዝም ብሎ ሲሰማቸው ድምፃቸው ዝቅ አለ።

"የልጄ ሚስት ነፍሰ ጡር ሆና ከምንጭ ስትመለስ ዳገቱ ላይ ወደቀች" አሉ። "እግዜር አተረፋት። ልጁም ያው እዚያ ተቀምጧል።" አንድ ጉንጩ የቀላ ሕፃን እናቱ ጭን ላይ ሆኖ ድንች ይበላል። "ቦኖውን ላይ ሰፈር ካቆማችሁት ያችው ዳገት ናት፣ ያው ጭቃ ነው። እኔ ውሃውን አልጠላሁም። ዳገቱን ነው የጠላሁ።"

አያ መኩሪያው ቀና ብለው አዩዋቸው። "ይህን ለምን አልነገርኸንም?"

"መቼ አስገባችሁኝ?"

 አያ መኩሪያው በራሳቸው ተራ ሲናገሩ፣ ላይ ሰፈር የሚፈራው ውሃው ወደ ታች ከሄደ የከብቶቹ ገንዳ ይደርቃል ብሎ መሆኑን ነገሩን። ጥግ ላይ ተቀምጦ የነበረው ብርሃኑ ይህን ሲሰማ ብድግ አለ።

"ገንዳው አይደርቅም! የምንወስደው ከምንጯ ግማሹን እንኳ አይሆንም፤ የቀረው እንደ ድሮው ይወርዳል። ይህን ከአሁን በፊት ሁለት ጊዜ መጥቼ ተናግሬያለሁ።"

"ለማን ነው የተናገርኸው?" አለው ከዓውድማ የመጣ አንድ የላይ ሰፈር ገበሬ።

"ለአዳራሹ።"

ሰዉ ሳቀ፤ አሁን ብርሃኑም አብሮ ሳቀ። አንዲት የታች ሰፈር ሴት "እዚህ ድንኳኑ በቆመበት ቢሆንስ? ለሁላችንም ሜዳ ነው" አለች። ብርሃኑ ወጣ ብሎ ተራራውን አየ፣ ተመልሶ ገባ። "ውሃው ይደርሳል፤ ቱቦው ግን አይበቃም። በመንገዱ ዞሮ ሲመጣ ያጥራል። ቀጥ ብሎ ከመጣ ግን..." አለና አቆመ።

ቀጥ ብሎ ከመጣ የሚያልፈው በእማማ እናኑ ጓሮ ነው። አጠገቤ ያለችው ሴት በሹክሹክታ ነገረችኝ፦ እማማ ከባላቸው የቀራቸው ያ ጓሮ ብቻ ነው፤ ነጭ ሽንኩርት ያበቅሉበታል፤ የጎረቤት ዶሮ እንኳ አያስገቡበትም። ሰዉ ሁሉ ሌላ ሌላውን ማየት ጀመረ። ማንም ሊጠይቃቸው አልደፈረም። ውጭ የአይሱዙው ሾፌር ሞተር አስነሥቶ ያሞቃል። እጄ አሁንም በእማማ እጅ ውስጥ ነው።

"ቱቦው ከመሬት በላይ ነው በታች?" አሉ እማማ።

"በታች ነው እማማ" አለ ብርሃኑ። "ተቀብሮ ነው የሚያልፍ።"

"የምትነቅሉትን ሽንኩርት መልሳችሁ ትተክላላችሁ?"

"እንተክላለን።"

ዱላቸውን ተደግፈው ቆሙ። "ዛሬ እያለቀስሁ ስመጣ የማለቅሰው ለሟች አልነበረም" አሉ። "የራሴን ቀን እያሰብሁ ነበር። እኔም እንደዚያ ሰውዬ አልወለድሁም። ማን ይመጣል እያልሁ ነው የመጣሁ።" ዞር ብለው የሞላውን ድንኳን አዩት። "በጓሮዬ ይለፍ።"

 አያ ደምሴ ከመቀመጫቸው ተነሥተው ሄዱና የእማማን ጉልበት ሊስሙ ጎንበስ አሉ። አያ መኩሪያውም ከወዲህ በኩል ተነሡ፤ ሁለቱ ሽማግሌዎች እግራቸው ሥር ሊጋጩ ደረሱ። እማማ በዱላቸው መለሷቸው። "ተነሡ፣ ተነሡ፤ ገና አልሞትሁም" አሉ። ከዚያ በኋላ የሆነውን እልልታ የሰማ ሰው ድንኳኑን የሠርግ ነው ይል ነበር። የመጣው እዝን ተቆርሶ ለሁሉም ታደለ። እስላም መሆኔን ያወቁ ሴቶች ለእኔ ለብቻዬ የተቀቀለ ድንችና ማር አመጡልኝ።

ብርሃኑ ሮጦ ወጥቶ ሞተሩን አስጠፋ። "አውርዱ!" ሲል የሰማሁት ድምፅ በመንገድ ላይ ደክሞኛል ያለው ሰው ድምፅ አልነበረም። ላይ ሰፈርና ታች ሰፈር አካፋና ዶማውን ይዞ ወጣ፤ ቁፋሮው ያኔውኑ ተጀመረ። አስናቀው ሸሚዙን ሰብስቦ ከፊት ገባ። ቀኑን ሙሉ ለመሄድ ሲቸኩል የነበረው ሾፌርም ቱቦ ይሸከማል።

እኔ የዋልኩት ከእማማ ጋር ጓሮ ነው፤ የሚነቀለውን ነጭ ሽንኩርት እየለቀምን፣ በሌላ መደብ እንተክላለን። እጄ አፈር በአፈር ሆኗል።

"አንች ልጅ፣ ሥራሽ ምንድን ነው?" አሉኝ።

"አስተማሪ ነኝ እማማ። ግን ልተወው ነው።"

"ምነው?"

"ስናገር ሰው አይሰማኝም። ይተኛሉ።"

እማማ የያዙትን ሽንኩርት ከአፈሩ አራግፈው አዩኝ። "ዛሬ ማን ተኛ?" አሉ።

 ከዚያ ጎንበስ ብለው መትከላቸውን ቀጠሉ።

ጎንደር ስመለስ በቀጥታ ሱቅ ሄድኩ። ለአባቴ ሁሉንም ነገርኩት፤ ደንበኛ ቆሞ እየጠበቀ እሱ የሚሰማው እኔን ነበር። ስጨርስ "ሱቁ የትም አይሄድም። እኔም ገና አላረጀሁም። ሂጅ አስተምሪ" አለኝ። ቅር እንዳላለው በድምፁ አወቅሁ። ቆሞ የነበረው ደንበኛ ደግሞ "ታዲያ ውሃው ወጣ?" ብሎ ጠየቀኝ።

ወጣ። በተመረቀ ዕለት እኔም ሄጄ ነበር፤ ክፍል ውስጥ የማስተምራቸውን ተማሪዎች ይዤ። አሁን ስክሪን የምጠቀመው ካርታ ለማሳየት ብቻ ነው። ጉልበቴ ዛሬም ይንቀጠቀጣል፤ ይህ አልተወኝም። ግን ክፍል ስገባ ከሁሉ በፊት አንድ ሰው እፈልጋለሁ፣ የምነግረው አንድ ሰው፤ ለእሱ እንደማወራ ሆኜ እጀምራለሁ። ሁልጊዜ ይሳካል አልላችሁም። ከኋላ የሚተኛ አሁንም አይጠፋም። ግን መንገዱ ሰላም በሆነ ጊዜ ሁሉ ከአንዲት ትንሽ ከተማ ወደ ሌላዋ እየሄድኩ፣ ለከንቲባዎችና ለሕዝባቸው ያን በረዶ ሻጭ ሰውዬ አጫውታቸዋለሁ። በእሱ አገር ብዙ ሰው የረሳው ይመስለኛል። በእኛ ደጋ ግን ስሙን የሚያውቁት ሕፃናት አሉ።

ይህን የምታነቡ፣ ምናልባት እናንተም ሥራችሁን ልትተዉ በተነሣችሁበት ሳምንት ላይ ትሆናላችሁ። አትተዉ ብዬ አልመክራችሁም፤ የእናንተን ነገር የምታውቁት እናንተ ናችሁ። እኔን የገጠመኝን ብቻ ነው የነገርኳችሁ። በመካነ ብርሃን በኩል ማለፍ ከሆነላችሁ ግን ወዲያ ማዶ ያለችውን ከተማ ጠይቁ፤ ገበያው መሃል ቦኖው አለ። ጎንበስ ብላችሁ በእጃችሁ ጠጡ። በጣም ይቀዘቅዛል፤ ጥርስ ይነዝራል። ላይ ሰፈርም ታች ሰፈርም ሆነው የሚቀዱት ሴቶች ቆመው ይስቁባችኋል።